አንድ ጽሑፍ፣ ብዙ ኮምፒዩተር፤ የአድሚራል ግሬስ ሆፐር ሕይወትና ሥራ

በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት የፕሮግራም ባለሙያዎች በየራሳቸው ኮምፒዩተር ላይ ሆነው አንድን ፕሮግራም በጋራ ሲሠሩ፣ ውሎ አድሮ አንድ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም፤ ይኸውም ከቅጂዎቹ መካከል ትክክለኛው የትኛው ነው የሚለው ነው። አንደኛው ባለሙያ ትናንት ያረመውን ስሕተት ሁለተኛው ሳያውቅ በአሮጌ ቅጂ ይተካዋል፤ ሦስተኛው ደግሞ ከወር በፊት ከወሰደው ቅጂ ተነሥቶ አዲስ ሥራ ይጀምራል። በመጨረሻም በሦስት መሣሪያዎች ላይ አንድ ስም የያዙ፣ በጠባይ ግን የማይመሳሰሉ ሦስት ፕሮግራሞች ይገኛሉ። የትኛው ለውጥ በማን፣ መቼና ስለ ምን እንደ ተደረገ የሚመሰክር መዝገብ ስለማይኖር፣ ሥራውን ወደ አንድ ለመመለስ የሚወስደው ጊዜ ፕሮግራሙን እንደ አዲስ ለመጻፍ ከሚወስደው የሚበልጥበት ጊዜ አለ።

ሥሪት ቁጥጥር የሚባለው አሠራር የተፈለሰፈው ለዚህ ችግር መፍትሔ እንዲሆን ነው። ዋና ሐሳቡም የፕሮግራሙ ጽሑፍ በአንድ የጋራ ማኅደር እንዲቀመጥ፣ እያንዳንዱ ለውጥ ከነምክንያቱ እንዲመዘገብና ሁሉም ኮምፒዩተሮች ከዚያው ማኅደር እንዲቀዱ ማድረግ ነው። መሣሪያው ራሱ በ1970ዎቹ የተጀመረ ሲሆን፣ ችግሩ ግን ከመጀመሪያዎቹ ኮምፒዩተሮች ጋር አብሮ የተወለደ ነው። ይህንን ችግር ገና ከጥንቱ ከተገነዘቡትና ዕድሜያቸውን ሙሉ ከታገሉት ሰዎች መካከል አሜሪካዊቷ የሒሳብ ሊቅና የባሕር ኃይል መኰንን አድሚራል ግሬስ ሆፐር በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳሉ። ይህ ጽሑፍ የእኚህን ሴት ሕይወት በአጭሩ እየተረከ፣ ከሥራቸው ለዛሬው የጋራ አሠራራችን የሚተርፈውን ትምህርት ለማሳየት ይሞክራል። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ትምህርት

ግሬስ ብሩስተር መሪ በኒው ዮርክ ከተማ ዲሴምበር 9 ቀን 1906 ተወለዱ። ለወላጆቻቸው ከሦስት ልጆች የመጀመሪያዋ ነበሩ። አባታቸው በኢንሹራንስ ሥራ የሚተዳደሩ ሲሆኑ፣ እናታቸው ለሒሳብ ትምህርት ፍቅር የነበራቸው ሴት ነበሩ። በሰባት ዓመታቸው የደወል ሰዓት እንዴት እንደሚሠራ ለማወቅ ጓጉተው አንዱን ፈቱ፤ መልሰው መግጠም ሲያቅታቸው ሁለተኛውን፣ ቀጥለውም ሦስተኛውን እያሉ በቤት ውስጥ የነበሩትን ሰባት ሰዓቶች በሙሉ እንደ በታተኑ ይነገራል። እናታቸው ይህን ባዩ ጊዜ ከዚያ ወዲያ በአንድ ሰዓት ላይ ብቻ እንዲመራመሩ ወሰኑላቸው።

በ1928 ከቫሳር ኮሌጅ በሒሳብና በፊዚክስ ተመረቁ። ከዚያም በዬል ዩኒቨርሲቲ ትምህርታቸውን ቀጥለው በ1930 የማስትሬት፣ በ1934 ደግሞ በሒሳብ የዶክትሬት ዲግሪ ተቀበሉ። በዚያ ዘመን አንዲት ሴት በሒሳብ ለዚህ ማዕረግ መድረሷ እምብዛም ያልተለመደ ነበር። በ1930 ቪንሰንት ሆፐር ከተባሉ ምሁር ጋር ተጋቡ፤ ጋብቻቸው በ1945 ቢፈርስም የሆፐርን ስም እስከ ሕይወታቸው ፍጻሜ ይዘው ኖረዋል። ከ1931 ጀምሮ በተማሩበት በቫሳር ኮሌጅ ሒሳብ ያስተምሩ ነበር።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካንን በ1941 መጨረሻ ሲደርስባት፣ ሆፐር የባሕር ኃይልን ለማገልገል ጠየቁ። ዕድሜያቸው ለምልመላ ከተወሰነው አልፏል፤ ክብደታቸውም ከሚፈለገው ወደ 15 ፓውንድ ያህል ያንሳል ተብለው ተመለሱ። በተጨማሪም የሒሳብ መምህርነታቸው ለጦርነቱ የሚያስፈልግ ሥራ ሆኖ ተቈጥሮ ነበር። እርሳቸው ግን አላረፉም። በልዩ ፈቃድ ዲሴምበር 1943 በባሕር ኃይል ተጠባባቂ ጦር የሴቶች ክፍል ተቀጠሩ፤ በ1944 የመኰንኖችን ትምህርት ከጓዶቻቸው በአንደኝነት ፈጽመው የሌተናንትነት ማዕረግ አገኙ። የተመደቡበት ቦታ መርከብ ላይ አልነበረም፤ በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የሚገኝ የባሕር ኃይል የሒሳብ ሥራ ክፍል ነበር።

በሐርቫርድ፤ የማስታወሻ ደብተሮች ዘመን

ሆፐር ጁላይ 2 ቀን 1944 ሐርቫርድ ሲደርሱ የጠበቃቸው መሣሪያ ማርክ አንድ ይባል ነበር። ርዝመቱ 51 ጫማ፣ ቁመቱ 8 ጫማ፣ ክብደቱም ወደ 5 ቶን የሚጠጋ ነበር። በአንድ ሴኮንድ ሦስት ያህል ድምሮችን ይሠራል፤ አንድ ማባዛት ግን ስድስት ሴኮንድ ያህል ይወስድበት ነበር። ትእዛዙን የሚቀበለው ቀዳዳ ከተበጀለት ረጅም የወረቀት ጥብጣብ ነው። የክፍሉ ኃላፊ ሆዋርድ ኤይከን አዲሷን መኰንን እንደ ተቀበሉ መሣሪያውን አሳይተው፣ በአንድ ሳምንት ጊዜ ውስጥ ከባድ የሒሳብ ሥራ ፈጽመው እንዲያስረክቡ አዘዟቸው። ፕሮግራም መጻፍን የሚያስተምር መጽሐፍም ሆነ ትምህርት ቤት አልነበረም። ሆፐር ከእርሳቸው በፊት በክፍሉ ከነበሩት ሁለት ወጣት መኰንኖች፣ ከሪቻርድ ብሎክና ከሮበርት ካምቤል፣ እየጠየቁ ሥራውን ተማሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ በ1946 የታተመውንና 561 ገጾች ያሉትን የመሣሪያውን መመሪያ መጽሐፍ በዋናነት ያዘጋጁት እርሳቸው ናቸው።

ከዚህ ላይ ሊስተዋል የሚገባው ነገር አለ። በማርክ አንድ ላይ የሚሠሩት ባለሙያዎች አንድ የሒሳብ ቁራጭ፣ ለምሳሌ የአንድን ማዕዘን ሳይን የሚያወጣ ንዑስ ፕሮግራም፣ በትክክል መሥራቱን ካረጋገጡ በኋላ በማስታወሻ ደብተራቸው ይገለብጡት ነበር። ሌላው ባልደረባ ያንኑ ሥራ ሲፈልግ ደብተሩን ተውሶ ወደ ራሱ ፕሮግራም ይቀዳዋል። እንግዲህ ይህ ልማድ ፕሮግራምን በጋራ የመጠቀም የመጀመሪያው መልክ ነበር፤ ጊዜም ይቆጥብ ነበር። ነገር ግን በእጅ የሚቀዳ ሁሉ ይሳሳታል። ቁጥር 4 በኤ ፊደል ወይም በክፍት ቦታ ምልክት ይለወጣል፤ ቢ የተባለው ፊደል 13 ሆኖ ይነበባል። ከዚህም በላይ ንዑስ ፕሮግራሙ በአዲሱ ፕሮግራም ውስጥ የሚቀመጥበት ቦታ ስለሚለወጥ፣ በውስጡ ያሉትን አድራሻዎች ሁሉ አንድ በአንድ መደመር ያስፈልግ ነበር፤ በድምሩም ላይ ስሕተት ይገባል።

ብራና ሲጻፍ ቁም ጸሐፊው ከተሳሳተ ቅጂ ከቀዳ፣ የፊተኛውን ስሕተት ወርሶ የራሱን እንደሚጨምርበት ሁሉ፣ በሐርቫርድም ከቅጂ ቅጂ በተወሰደ ቍጥር የደብተሮቹ ይዘት እየተለያየ ይሄድ ነበር። ሆፐር ከዚህ ልምድ የተረዱት ነገር ቀላል ቢመስልም ለዘለቄታው የሚረባ ነው። ሰው የመቅዳትና የመደመር ሥራ ላይ ደካማ ነው፤ መሣሪያው ግን ለዚሁ ሥራ የተፈጠረ ነው። ስለዚህ መቅዳቱንና መደመሩን ለመሣሪያው መተው ይገባል የሚለው ሐሳብ በአእምሯቸው ተተከለ።

የሐርቫርድ ዘመን ሌላም ታሪክ አለው። ሴፕቴምበር 9 ቀን 1947 የማርክ ሁለት መሣሪያ ሠራተኞች ለብልሽት ምክንያት የሆነች የእሳት ራት በአንድ ሪሌይ ውስጥ አግኝተው በሥራው የውሎ መዝገብ ላይ በማጣበቂያ ወረቀት ለጠፏት። የመዝገቡ ገጽ እስካሁን በስሚዝሶኒያን ቤተ መዘክር ተጠብቆ ይገኛል። ነፍሳትን የሚያመለክተው የእንግሊዝኛ ቃል ለመሣሪያ እንከን መጠሪያነት ከዚያ በፊትም ያገለግል ስለነበር፣ ቃሉን ሆፐር ፈጠሩት ማለት ትክክል አይደለም፤ ታሪኩን በሰፊው ያሰራጩት ግን እርሳቸው ናቸው። ለእኛ ሙያ ይበልጥ የሚጠቅመው ከራቷ ይልቅ መዝገቡ ነው። እንከኑ በተገኘበት ቀንና ሰዓት መጻፉ፣ ከብዙ ዓመታት በኋላ ለሚመጣ ሰው ምን እንደ ሆነ በማያሻማ ሁኔታ እንዲያውቅ አስችሎታል።

ከደብተር ወደ ቴፕ

በ1949 ሆፐር ሐርቫርድን ለቀቁ፤ ለእርሳቸው የሚሆን ቋሚ የሥራ ቦታ በዚያ አልተገኘም። ጊዜው በግል ኑሯቸውም የተቸገሩበት፣ ከመጠጥ ጋርም የታገሉበት ወቅት ነበር። በፊላደልፊያ ኤከርትና ሞክሊ የተባሉ ሁለት ባለሙያዎች ያቋቋሙት ድርጅት ዩኒቫክ የተባለውን ኮምፒዩተር በመሥራት ላይ ስለነበር፣ እርሳቸውም በከፍተኛ የሒሳብ ባለሙያነት ተቀጠሩ። ድርጅቱ በ1950 ሬሚንግተን ራንድ በተባለ ኩባንያ ተገዛ፤ የመጀመሪያው ዩኒቫክም በ1951 ለአሜሪካ የሕዝብ ቈጠራ መሥሪያ ቤት ተላለፈ።

ዩኒቫክ መረጃን በማግኔት ቴፕ የሚይዝ መሣሪያ በመሆኑ፣ ሆፐር ከሐርቫርድ ጀምሮ ሲያስቡበት የቈዩትን ለመሥራት አመቺ ሆነላቸው። ቀድሞ በደብተሮች ተበታትነው የነበሩትን ዓይነት ንዑስ ፕሮግራሞች ሰብስበው፣ ለእያንዳንዳቸው መጥሪያ ቁጥር ሰጥተው በአንድ ቴፕ ላይ አኖሯቸው። ባለሙያው የሚፈልጋቸውን በቁጥራቸው ብቻ ይጠራል፤ ኮምፒዩተሩ ራሱ ከቴፑ ላይ ይቀዳቸዋል፣ አድራሻዎቹን ደምሮ ያስተካክላል፣ አገጣጥሞም ሙሉ ፕሮግራም ያወጣል። ይህ ኤ-ዜሮ የተባለው ሥርዓት በ1952 ሥራ ላይ የዋለ ሲሆን፣ ሆፐር ኮምፓይለር የሚል ስም ሰጡት። በዛሬው አነጋገር ብንመዝነው ፕሮግራሞችን ከሚያገጣጥመው ሊንከር ከምንለው ጋር ይቀራረባል። ፍሬ ነገሩ ግን አንድ የተመረመረ ቅጂ በአንድ ቦታ ተቀምጦ፣ ሁሉም ሰው ከዚያ በመሣሪያ እየቀዳ መጠቀሙ ነው።

ሥርዓቱ በቀላሉ ተቀባይነት አላገኘም። ኮምፒዩተር የሚሠራው ሒሳብ ብቻ ነው፤ ፕሮግራም ሊጽፍ አይችልም የሚል እምነት በሙያው ሰዎች ዘንድ ጸንቶ ስለነበር፣ የሚሠራ ኮምፓይለር በእጃቸው ይዘው እንኳ የሚሞክርላቸው ሰው ለማግኘት ተቸገሩ። ከተቃውሞው በስተኋላ ሌላም ፍርሃት ነበረ። ፕሮግራም መጻፍ ጥቂቶች ብቻ የሚያውቁት ጥበብ ሆኖ ስለቈየ፣ የግል ደብተሩን ለጋራ ቴፕ ያስረከበ ባለሙያ ክብሩን ያስረከበ መስሎ ይታየው ነበር። ይህ ስሜት ዛሬም ከመካከላችን ፈጽሞ ጠፍቷል ለማለት ያስቸግራል።

ሆፐርና ባልደረቦቻቸው ኤ-ዜሮን እያሻሻሉ በ1953 ኤ-ሁለት የተባለውን አወጡ። በዚህ ጊዜ ኩባንያው የወሰደው እርምጃ ልዩ ትኩረት የሚገባው ነው። የኮምፓይለሩን የፕሮግራም ጽሑፍ ለዩኒቫክ ደንበኞች ከመስጠት አልፎ፣ ያሻሻሉትን መልሰው እንዲልኩ ጋበዛቸው። ጽሑፉ ከአንድ ማዕከል ይወጣል፤ በየቦታው ባሉ ኮምፒዩተሮች ላይ ይሠራበታል፤ እርማቱም ወደ ማዕከሉ ይመለሳል። ዛሬ በሥሪት ቁጥጥር አማካይነት የምናደርገው መውሰድና መመለስ በፖስታና በቴፕ የተጀመረው በዚህ ዓይነት ነው።

አንድ ቋንቋ ለብዙ መሣሪያ

በአንድ ኩባንያ ኮምፒዩተር ላይ ፕሮግራምን መጋራት ከተቻለ በኋላ የሚከተለው ጥያቄ በተለያዩ ኩባንያዎች መሣሪያዎች መካከል መጋራት ይቻል እንደ ሆነ ነበር። በዚያ ዘመን እያንዳንዱ አምራች የየራሱ የትእዛዝ አሠራር ስለነበረው፣ አንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒዩተሩን በሌላ ሲለውጥ ፕሮግራሞቹን በሙሉ እንደገና መጻፍ ነበረበት። ሆፐር ፍሎውማቲክ የተባለውን፣ በእንግሊዝኛ ቃላት የሚጻፍ የንግድ ሥራ ቋንቋ ሲያዘጋጁ፣ አንዱን ፕሮግራም በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛና በጀርመንኛ ቃላት ጽፈው ለኩባንያው አስተዳዳሪዎች አሳዩ። ዓላማቸው ለመሣሪያው ቃል ሁሉ ምልክት ብቻ መሆኑን ማስረዳት ነበር። አስተዳዳሪዎቹ ግን አሜሪካ የተሠራ ኮምፒዩተር ፈረንሳይኛና ጀርመንኛ ሊያውቅ አይገባም ብለው ስለ ደነገጡ፣ ሥራውን በእንግሊዝኛ ብቻ እንደሚያካሂዱ ማረጋገጫ ለመስጠት መገደዳቸውን ሆፐር በኋላ ዘመን እየሣቁ ይተርኩት ነበር።

በ1959 የጸደይ ወራት ሜሪ ሆውስ የተባሉ የቡሮውስ ኩባንያ ባለሙያ ለሁሉም መሣሪያ የሚሆን አንድ የንግድ ሥራ ቋንቋ እንዲዘጋጅ ሐሳብ አቀረቡ። ሆፐርና ሌሎች ባለሙያዎች ተሰብስበው ከተወያዩ በኋላ የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴርን ድጋፍ ጠየቁ። ሚኒስቴሩ በጊዜው 225 ኮምፒዩተሮች ነበሩት፤ 175 ደግሞ አዝዞ ይጠባበቅ ነበር፤ ለፕሮግራሞቻቸውም ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥቷል። ስለዚህ ሐሳቡን ተቀብሎ ሜይ 28 እና 29 ቀን 1959 በፔንታጎን ስብሰባ ጠራ። ከስድስት አምራቾችና ከሦስት የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የተውጣጣ ኮሚቴ ሥራውን ጀመረ፤ ውጤቱም ኮቦል ሆነ።

ሆፐር የኮቦል እናት እየተባሉ መጠራታቸው የተለመደ ነው። ቋንቋውን በዝርዝር የጻፉት ግን ዣን ሳሜትን የመሳሰሉ የኮሚቴው አባላት ናቸው፤ የሆፐር ድርሻ ፍሎውማቲክን በመሠረትነት ማቅረብ፣ ማማከርና ኩባንያዎችን ማስማማት ነበር። ዲሴምበር 6 እና 7 ቀን 1960 ጥቂት ለውጥ ብቻ የተደረገበት አንድ የኮቦል ፕሮግራም በአርሲኤ ኩባንያ ኮምፒዩተርና በዩኒቫክ ላይ በየተራ ተሠራ። በሁለት ተፎካካሪ ኩባንያዎች የተሠሩ፣ በውስጣዊ አሠራራቸው የማይመሳሰሉ መሣሪያዎች አንድ ጽሑፍ አንብበው አንድ ውጤት መስጠታቸው በሙያው ታሪክ ውስጥ ትልቅ ምዕራፍ ነው።

በዚህ ረገድ እኛም የራሳችን ልምድ አለን። የአማርኛ ጽሑፍ በግል ኮምፒዩተሮች መጻፍ ከጀመረ ወዲህ፣ የሶፍትዌር አዘጋጆች ለፊደላችን የየራሳቸውን የቁጥር ምደባ ስለ ሰጡ፣ በአንዱ መሣሪያ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ላይ ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆን ነበር። በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 የግእዝ ፊደልን በአንድ የጋራ ምደባ ካካተተ በኋላ ችግሩ እየተቃለለ ሄደ። ጽሑፍን መጋራት የሚቻለው አስቀድሞ በጋራ ምደባው ላይ ስምምነት ሲኖር ነው።

ወደ ባሕር ኃይል መመለስ

ሆፐር በ1966 መጨረሻ 60 ዓመት ሲሞላቸው ከባሕር ኃይል ተጠባባቂ ጦር በጡረታ ተሰናበቱ፤ ያችንም ዕለት በሕይወታቸው እጅግ ካዘኑባቸው ቀናት አንዷ አድርገው ይቈጥሯት ነበር። ኀዘኑ ግን አልዘለቀም። ኦገስት 1967 ለስድስት ወራት ሥራ ተመልሰው ተጠሩ፤ ስድስቱ ወራት ተራዝመው 19 ዓመታት ሆኑ።

የተጠሩበት ምክንያት ከዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው። ኮቦል የጋራ ቋንቋ ይባል እንጂ እያንዳንዱ አምራች ለደንበኛው ይጠቅማል ያለውን እየጨመረበት፣ ያስቸገረውን እየተወ ስለ ሄደ፣ ቋንቋው በተግባር ወደ ብዙ ዘዬዎች ተከፋፍሎ ነበር። በአንዱ የባሕር ኃይል ጣቢያ የሚሠራ ፕሮግራም በሌላው ጣቢያ ኮምፒዩተር ላይ አይሠራም። በ1968 ብሔራዊ የኮቦል ደረጃ ቢወጣም፣ በወረቀት የተጻፈ ደረጃ ራሱን አያስከብርም። ስለዚህ ሆፐርና በሥራቸው የነበሩ ባለሙያዎች የኮምፓይለር መፈተኛ ፕሮግራሞችን አዘጋጁ። የእነዚህ ፕሮግራሞች ተግባር አንድ ኮምፓይለር እያንዳንዱን የቋንቋውን ደንብ ደረጃው እንደሚያዘው መፈጸሙን መመርመርና የጐደለውን ዘርዝሮ ማውጣት ነው። የባሕር ኃይል ገዢ እንደ መሆኑ መጠን፣ አምራቹ ምርቱ ደረጃውን ጠብቋል ሲል መርምሮ ማረጋገጥ ቻለ። መፈተኛዎቹም በኋላ በመንግሥት ደረጃ ለሚካሄደው የኮምፓይለር ምርመራ መሠረት ሆኑ። ቃል መግባት በቂ እንዳልሆነ፣ ስምምነት በፈተና መጠበቅ እንዳለበት ሆፐር በዚህ ሥራቸው አሳይተዋል።

በ1970ዎቹ ሆፐር ትልልቅ ማዕከላዊ ኮምፒዩተሮች ቀርተው፣ በየሥራው ቦታ የተቀመጡና እርስ በርስ የተገናኙ ትናንሽ ኮምፒዩተሮች እንዲተኩ አጥብቀው ይመክሩ ነበር። ይህንንም በበሬ ምሳሌ ያስረዱ ነበር፤ ጥንት ገበሬ ግንድ ለማስጐተት አንድ በሬ ሲያንሰው ሁለተኛ በሬ ይጨምራል እንጂ የበሬውን ቁመት ለማሳደግ አይደክምም። ጥማድ በሬ የሚያውቅ ሰው ምሳሌውን ለመረዳት አይቸገርም። ሁለት በሬ ደግሞ ቀንበር እንደሚያስፈልገው የታወቀ ነው፤ ለብዙ ኮምፒዩተሮች ቀንበር የሚሆነው የጋራ ደረጃና የጋራ ማኅደር ነው።

በመምህርነት ችሎታቸውም እስከ ዛሬ ይታወሳሉ። ወደ 30 ሳንቲ ሜትር የሚጠጋ የሽቦ ቁራጭ ይዘው ለአድማጮች እያደሉ፣ የኤሌክትሪክ ምልክት በአንድ ቢሊዮንኛ ሴኮንድ ውስጥ ሊጓዝ ከሚችለው ርቀት የማይበልጥ መሆኑን ያስረዱ ነበር። በቢሯቸው ግድግዳ ላይ ወደ ኋላ የሚዞር ሰዓት ሰቅለው ነበር፤ ልማድ ብቻውን ለአንድ አሠራር በቂ ምክንያት እንዳይሆን ለማስገንዘብ ነው።

በ1973 የካፒቴንነት፣ በ1983 የኮሞዶርነት ማዕረግ ተሰጣቸው፤ የማዕረጉ መጠሪያ በ1985 ሲለወጥም ሪር አድሚራል ተባሉ። ኦገስት 14 ቀን 1986 በ79 ዓመታቸው ቦስተን ወደብ ላይ በሚገኘው ኮንስቲቲውሽን በተባለ ጥንታዊ የጦር መርከብ ላይ በክብር ተሰናበቱ። ከዚያ በኋላ ዲጂታል ኢኵፕመንት የተባለውን ኩባንያ በአማካሪነት እያገለገሉ ቈይተው፣ ጃንዋሪ 1 ቀን 1992 በ85 ዓመታቸው በቨርጂኒያ አረፉ፤ በአርሊንግተን ብሔራዊ መካነ መቃብርም ተቀበሩ። በስማቸው የተሰየመ የጦር መርከብ በ1997 ሥራ የጀመረ ሲሆን፣ በ2016 የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ የነፃነት ሜዳይ ተሰጥቷቸዋል።

ከሥራቸው የተረፈልን

ሆፐር ሥሪት ቁጥጥርን አልፈለሰፉም። ማርክ ሮችካይንድ በቤል ቤተ ሙከራ በ1972 ኤስሲሲኤስ የተባለውን የመጀመሪያውን ሥርዓት ሠሩ፤ እርሱም የአንድን ጽሑፍ ሥሪቶች በሙሉ ልዩነታቸውን ብቻ በመመዝገብ የሚያኖር ነበር። ዎልተር ቲሺ በ1980ዎቹ መጀመሪያ አርሲኤስን አዘጋጁ፤ ይህኛው አዲሱን ሥሪት በሙሉ ይዞ አሮጌዎቹን ወደ ኋላ በሚቈጠር ልዩነት ስለሚያስቀምጥ የፈጠነ ነበር። ቀጥሎ የመጣው ሲቪኤስ ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ ከአንድ ማዕከል ጋር እንዲሠሩ አስቻለ። በ2005 ሊነስ ቶርቫልድስ የጀመሩት ጊት ደግሞ እያንዳንዱ ኮምፒዩተር የሥራውን ታሪክ በሙሉ እንዲይዝ ያደርጋል፤ ለእያንዳንዱ ለውጥም ከይዘቱ የተሰላ መለያ ስለሚሰጥ፣ በሁለት መሣሪያዎች ላይ ያሉ ቅጂዎች አንድ መሆናቸውን መለያውን በማነጻጸር ማወቅ ይቻላል። በደብተር ዘመን ቢ ፊደል 13 ሲሆን የሚያጋልጥ ነገር አልነበረም፤ በጊት ግን የአንዲት ፊደል ለውጥ መለያውን ይለውጠዋል።

በብዙ ኮምፒዩተሮች የሚሠራ መሥሪያ ቤት ይህን አሠራር ለማቋቋም የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። ሁሉም ሊደርሱበት የሚችሉት አንድ ኮምፒዩተር ይመረጣል፤ በእርሱም ላይ የጋራ ማኅደሩ ይቋቋማል፤ መጠባበቂያ ቅጂውም በሌላ ቦታ ይቀመጣል። እያንዳንዱ ባለሙያ ማኅደሩን በሙሉ ወደ ራሱ ኮምፒዩተር ይቀዳል። ከዚያ በኋላ በእጅ ወይም በፍላሽ ዲስክ የፕሮግራም ጽሑፍ መለዋወጥ መቅረት አለበት፤ አንዱ እንኳ በዚህ ልማድ ከቀጠለ የደብተሩ ዘመን ይመለሳልና። ሥራ ሲጀመር የሌሎቹን ለውጥ መውሰድ፣ ሥራ ሲጠናቀቅ የራስን ለውጥ መላክ ልማድ ይሁን። ለውጡ ትንሽና አንድ ጉዳይ ብቻ የሚመለከት ቢሆን፣ ከሥሩም ለምን እንደ ተደረገ በአንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር ቢጻፍ፣ ከዓመታት በኋላ ለሚመጣ ባልደረባ የሐርቫርድን መዝገብ ያህል ይጠቅማል።

ወደ ማኅደሩ የማይገቡትንም አስቀድሞ መወሰን ያስፈልጋል። ሰው የጻፈው ይገባል፤ መሣሪያ ከዚያው አውጥቶ ሊሠራው የሚችለው አይገባም። የይለፍ ቃልና የደንበኞች መረጃ በምንም ምክንያት መግባት የለበትም፤ ታሪክን የሚጠብቅ ሥርዓት አንድ ጊዜ የገባበትን ምስጢርም ይጠብቃልና። በመሣሪያዎች መካከል ያለ ጥቃቅን ልዩነትም ቸል ሊባል አይገባም። ለምሳሌ ዊንዶውስ የመስመርን መጨረሻ በሁለት ምልክቶች፣ ዩኒክስና ሊነክስ ግን በአንድ ያመለክታሉ። ይህ አስቀድሞ በአንድ ደንብ ካልተወሰነ፣ አንዲት ፊደል ያልተነካበት ጽሑፍ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መስመር የተለወጠ መስሎ ይታያል።

ሁለት ሰዎች አንዱን መስመር በተለያየ መንገድ ለውጠው ሲገኙ፣ ሥርዓቱ ግጭቱን ለይቶ ያሳያል፤ የቱ እንደሚጸና ግን አይፈርድም። ፍርዱ የሰዎቹ ነው። እንዲሁም ሁለት ለውጦች ያለ ግጭት መዋሐዳቸው ፕሮግራሙ በትክክል ይሠራል ማለት አይደለም። ስለዚህ ለውጥ ወደ ጋራ ማኅደሩ ከመላኩ በፊት የሚያልፍበት መፈተኛ ፕሮግራም ሊኖር ይገባል፤ የባሕር ኃይል ልምድም ያስተማረው ይህንኑ ነው።

ከሆፐር ሕይወት እንደምንረዳው የቴክኒኩ ችግር ከሰዎቹ ችግር ቀድሞ ተፈቷል። ኮምፓይለሩ ይሠራ ነበር፤ የሚሞክረው ሰው ግን አልነበረም። ኮቦል ተጽፎ ነበር፤ አምራቾች ግን ወደየዘዬአቸው ጐተቱት። ዛሬም ማኅደሩን ማቋቋም የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ የግል ቅጂዬ ይበልጥብኛል የሚለውን ስሜት ትቶ በጋራው ጽሑፍ ላይ መሥራት ግን ከእያንዳንዳችን በየዕለቱ የሚጠየቅ ነው። ስሕተታችን በመዝገብ ላይ ከነስማችን ሲታይ ልናፍር አይገባም፤ እርማታችንም በዚያው መዝገብ ከነስማችን ይጻፋል። አንድ ባለሙያ ሲታመም፣ ሲዛወር ወይም ሲያርፍ ሥራው ከእርሱ ጋር እንዳይጠፋ የሚያደርገው ይህ ልማድ ስለሆነ፣ የማኅበራችን አባላት በያሉበት መሥሪያ ቤት ሥር እንዲሰድ ቢጥሩ ለተተኪው ትውልድ ባለ ውለታ ይሆናሉ።